ወዶ መዝመትና ተገዶ መዝመት

የአገር መሪ ሕዝቡን ለበጎ ፈቃድ ሥራ በሚጠራበት ጊዜ ስለሚገባው ተግባር፥ በሚዛን ተፈሪ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ፥ የአገር መሪ ሕዝቡን ለበጎ ፈቃድ ሥራ በሚያስነሣበት ጊዜ ተግባሩ ምን እንደ ሆነ የሚመለከት ነው። ይህ ነገር ለሚኒስትርና ለአስተዳዳሪ እንጂ ለእኛ ለመንደር ሰዎች ምን ይጠቅመናል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ከዋናው ከተማ የተነሣ ጥሪ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ሚዛን፥ ከዚያም ወደ ቴፒ በደረሰ ጊዜ፥ በመጨረሻ ለገበሬው የሚነግረው ሚኒስትሩ አይደለም፤ መምህሩና ሽማግሌው ነው። ጥሪውም በእናንተ አፍ ሲያልፍ ወይ ጥሪ ሆኖ ይደርሳል፥ ወይ ትእዛዝ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ የመሪውን ተግባር ማወቅ የራሳችሁን ተግባር ማወቅ ነው።

በቀድሞ ዘመን ማንም ሳያስገድደው ጦሩን አንሥቶ የሚከተል ሰው ወዶ ዘማች ይባል ነበር። ዛሬ በሰላም ሥራ ላይ እንደዚያ የሚነሣውን በጎ ፈቃደኛ እንለዋለን። የዚህ ሰው ምልክቱ ሦስት ነው። ማንም አላስገደደውም፤ ደመወዝ አይጠብቅም፤ የሚሠራውም ከራሱ ቤት አልፎ ለሌላው የሚተርፍ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ሥራው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የበጎ ፈቃድ ሥራ አይባልም። «ወደው የዋጡት ቅልጥም ከብርንዶ ይጥም» የሚለው የአባቶች ተረት ይህንኑ ያስረዳል። በፍቅር የተሠራ ትንሽ ሥራ ከአንገት በላይ ከተሠራ ትልቅ ሥራ ይልቅ ይበረክታል ማለት ነው።

እርስ በርስ መረዳዳት ለአገራችን ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ደቦ፥ ወንፈል፥ ጅጌ የሚባሉት የሥራ ማኅበሮች ከጽሑፍ ሕግ በፊት የነበሩ ናቸው። በእኛም አገር፥ በቤንች፥ በሸኮ፥ በከፋ፥ በሸካ፥ በመዠንገር፥ በየቋንቋው የየራሱ ስም ያለው ተመሳሳይ ልማድ አለ። ባሏ የሞተባት ሴት ቡናዋ ቀልቶ መሬት ላይ ከመርገፉ በፊት ጎረቤት ተሰብስቦ ይለቅምላታል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ማገርና ሣር ይወጣለታል። በዚህ ጊዜ አዋጅ የሚያውጅ የለም፤ የቀረም ሰው በሕግ አይቀጣም። የሚጠራው ችግሩ ራሱ ነው፤ የሚያሠራውም ነገ በእኔ ቢደርስ የሚለው አሳብ ነው።

እንግዲህ ሕዝቡ ይህን ያህል ልማድ ካለው የአገር መሪ ለምን ያስፈልጋል ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ፥ የጎረቤት ዓይን የጎረቤትን ችግር እንጂ የአገርን ችግር አያይም የሚል ነው። የደቦ ማኅበር የአንዲት መንደርን አጥር ያጥራል፤ ነገር ግን ሚሊዮኖች ፊደል ሳይቆጥሩ መኖራቸውን፥ ወይም የአንድ ወንዝ ራስጌ በመመንጠሩ ግርጌው እንደሚደርቅ ከአንዲት መንደር ሆኖ ማየት አይቻልም። መሪ ከፍ ካለ ስፍራ የቆመ ሰው ነውና የራቀውን ችግር አይቶ ሊያሳይ፥ የተበታተነውን ጉልበት በአንድ ወቅት ሊያገናኝ፥ መንደር የማታገኘውን መሣሪያ ሊያቀርብ ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሃምሳውን ሰው በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ የሚያገናኘው ግን ጠሪ ነው። ጠሪውም ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚገባ ታሪክ በብዙ ምሳሌ ያስተምረናል።

አስቀድመን ዐፄ ቴዎድሮስን እንመልከት። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ ያነሡ፥ መንገድ ይጠርጉ እንደ ነበር ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ በእጁ ድንጋይ ሲያነሣ ቆሞ የሚመለከት ሎሌ አይኖርም፤ ስለዚህ ያ የማይታለፍ የሚመስል ገደል ታለፈ። ከዚህ የምንማረው፥ የመሪ እጅ ከመሪ ቃል ይልቅ ብዙ ሰው እንደሚያስነሣ ነው።

ሆኖም ታሪኩን እስከ መጨረሻው ማየት ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ በደረሱ ጊዜ ከእርሳቸው ጋራ የቀረው ሠራዊት ከቀድሞው ጥቂቱ ብቻ ነበረ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በቅጣቱ ብዛት የአገሩ ልብ ሸሽቶ ነበርና፥ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ሊረዳቸው የተነሣ አገር አልተገኘም። ፊት ሆኖ መሥራት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በፍርሃት የተሰበረውን ፈቃድ መልሶ አይጠግንም። ሕዝብ የመሪውን እጅ ብቻ ሳይሆን ትናንት የተደረገበትንም ያስታውሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ እኛ አገር የቀረበ ነው። በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ደመና ባንዣበበ ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበርም ሥራውን ጀመረ። ሴቶቹም ለቁስለኛ ማሰሪያ፥ ከመርዝ ጢስ ለመከላከል የሚያገለግል የፊት መሸፈኛ ያዘጋጁ ነበር። ይህ ጥሪ ከቤተ መንግሥት የወጣ ነበርና ከላይ ያለው ሰው ለበጎ ፈቃድ ሥራ ስፍራ ማዘጋጀት እንደሚችል ያሳያል።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ አዲስ አበባም በጠላት እጅ ወደቀች። በዚያን ጊዜ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች በወለጋ ተሰብስበው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበራቸው በእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ያዘዛቸው አልነበረም፤ ደመወዝም የሚከፍላቸው መንግሥት አልቀረም። ነገር ግን ማኅበር ብቻ ሆነው አልቆዩም። መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ ከዚያም በጎሬ የነበሩትን ልዑል ራስ እምሩን መሪ እንዲሆኗቸው ለመኑ። በመጨረሻም በጠላት ተከብበው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በከፋ ምድር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ በግዞት ተወሰዱ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ተገደሉ።

ጎጀብን የምናውቅ ሰዎች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እናስተውል። ወዶ ዘማች ያለ አዛዥ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ያለ መሪ ብዙ ሊራመድ አይችልም። ስለዚህ እነዚያ ወጣቶች መሪ ባጡ ጊዜ መሪ ፈለጉ። መሪንና በጎ ፈቃደኛን የሚያገናኛቸው ሰንሰለት አይደለም፤ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ጉዳይ ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ራሳችን ምድር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና። የሰሜንና የመካከል አገር ሰው በመስከረም 1888 ዓ.ም. የወጣውን የዐፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ ሲያስታውስ ትዝ የሚለው ዐድዋ ነው። የከፋ መንግሥት ግን በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ በጦር ኃይል ተይዞ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተቀላቀለ በመሆኑ፥ ይህ የደቡብ ምዕራብ አገር የመንግሥትን ድምፅ መጀመሪያ የሰማው በገባርነት ነበር። ገባር ማለትም ለተሾመበት ሰው ማር የሚያገባ፥ እንጨት የሚሸከም፥ እርሻ የሚያርስ፥ ሲጠሩት እምቢ የማይል ሰው ነበር። በባሪያ ፈንጋይ ምክንያት ከአንዳንድ አገር ሕዝቡ ተመናምኖ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የገባር ሥርዓት ከነጻነት በኋላ በሕግ እየቀረ ሄደ፤ የባለርስትና የጭሰኛ ነገርም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ።

ይህን የማነሣው ቂም ለማደስ አይደለም። አንድ መምህር በመንደር ቆሞ «መንግሥት ለነጻ ሥራ ጠርቷችኋል» ባለ ጊዜ፥ ሽማግሌው በልቡ የሚሰማው ከአያቱ የወረሰው ትዝታ ሊሆን እንደሚችል እንድናውቅ ነው። ነጻ ሥራ ማለት ለአንዱ በፍቅር የተሰጠ ሥራ ነው፤ ለሌላው ያለ ዋጋ የተወሰደ ጉልበት ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ትርጉሙ ሁለት ነው። ስለዚህ በዚህ አገር በጎ ፈቃድን የሚጠራ መሪ ከሌላ ስፍራ ይልቅ መጠንቀቅ አለበት፤ ጥሪው የድሮውን ትእዛዝ የመሰለ ዕለት ሕዝቡ በአካል ይመጣል፥ በልቡ ግን ቤቱ ይቀራል።

አሁን ወደ ትምህርት ዘመቻዎች እንምጣ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ የሚያደርገው ሥርዓት ተጀመረ፤ ብዙዎቹም በመምህርነት ሠሩ። ከዚያ ቀደም በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ከ270 በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ሰዎች መጥተው በየትምህርት ቤቱ ተሰማርተው ነበር። ያንን ጓድ ያቋቋሙት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ወጣቶቻቸውን ሲጠሩ የነገሯቸው ኑሮው ቀላል እንዳልሆነ ነበር፤ ወጣቶቹም ይህን እያወቁ መጡ። የሥራውን ክብደት የሚደብቅ መሪ ብዙ ሰው ይመዘግባል፤ የሚቆዩለት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ታላቁ የተማሪዎች ዘመቻ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ፊደል አስተማሩ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠሩ፤ የመሬቱ አዋጅ በወጣ ጊዜም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ረዱ። ከእነርሱ መካከል በፍጹም ልባቸው የሄዱ ብዙዎች እንደ ነበሩ የማይካድ ነው። ነገር ግን አልሄድም ያለ ተማሪ ትምህርቱን እንዳይቀጥልና ሥራ እንዳያገኝ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ ወዶ የሄደውንና ፈርቶ የሄደውን መለየት አልተቻለም። ውሎ አድሮም በዘማቾቹና በመንግሥቱ መካከል አለመስማማት በተነሣ ጊዜ ብዙዎች ጊዜው ሳያልቅ ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ። ግዳጅ ሰውን ወደ ስፍራው ሊያደርሰው ይችላል፤ በስፍራው ሊያቆየው ግን አይችልም።

ከዚህ በኋላ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መፈክሩ «የተማረ ያስተምር፥ ያልተማረ ይማር» የሚል ነበር። በዚህ ዘመቻ መሪነት የሠራው መልካም ሥራ ብዙ ነው። አንደኛ፥ ሥራው ለማንም የሚገባ ነበር፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ለአንድ ሌላ ሰው ሊሰጥ የሚችለው ነገር አለው ማለት ነውና። ሁለተኛ፥ መጽሐፍ አስቀድሞ ተዘጋጀ። ሦስተኛ፥ ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች ደረሰ፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ነበሩ። ከ15ቱ አንዱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ በመሆኑ፥ በቦንጋና በማሻ ያለች እናት በቤቷ በምትናገረው ቋንቋ ማንበብ ለመጀመር ቻለች። ተማሪው፥ ወታደሩ፥ የመንግሥት ሠራተኛው፥ ጡረተኛውም አስተማረ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ለዘመቻው ሽልማት ሰጠ።

የጎደለውንም መናገር ይገባል፤ ከምስጋና ይልቅ ከጉድለት ብዙ ይማሩበታልና። የቤንች፥ የሸኮ፥ የመኢንትና የመዠንገር ቋንቋዎች ከ15ቱ አልነበሩም። ስለዚህ ያኔ በከፋ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ የነበረ ገበሬ ፊደልንና የማያውቀውን ቋንቋ በአንድ ጊዜ መማር ነበረበት። ሁለት ሸክም በአንድ ትከሻ ማለት ይህ ነው። በጎ ፈቃደኛው መምህርም ቢደክም ድካሙ ግማሽ ብቻ ፍሬ ያፈራ ነበር። ጥሪ ለሁሉ የሚደርሰው በሁሉ ቋንቋ ሲነገር ነው።

ከዚህ የከበደው ጉድለት ግን የቆጠራው ነገር ነው። በመንግሥቱ መግለጫ መሠረት፥ ከለውጡ በፊት ከመቶ 93 የነበረው ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው፥ በ1976 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ ከ40 በታች ወርዶ ነበር። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በተደረገ ጊዜ ግን፥ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከ4 ሰው 1 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ገደል እጅግ ሰፊ ነው። ጦርነቱና ረኃቡ አንዱ ምክንያት ነው። የተማረውም ሰው የሚያነበው መጽሐፍና ጋዜጣ በመንደሩ ባለማግኘቱ ያወቀውን መርሳቱ ሌላው ምክንያት ነው። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ፥ ከላይ ኮታ በተሰጠ ጊዜ ከታች ያለው ሰው የተማረውን ሳይሆን የተመዘገበውን መቍጠሩ ነው።

ይህን ከኩባ ታሪክ ጋራ እናመዛዝነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. በዚያች ደሴት ከ100,000 የሚበልጡ ወጣቶች ወደ ገጠር ወጥተው አስተማሩ። እያንዳንዱ ተማሪ መማሩን የሚያስመሰክረው በመጨረሻ በገዛ እጁ ለአገሪቱ መሪ ደብዳቤ በመጻፍ ነበር። የዚያችን አገር አገዛዝ ማመስገን ወይም መንቀፍ የዛሬው ጉዳያችን አይደለም። ነገር ግን መለኪያው የመዝገብ ምልክት ሳይሆን ተማሪው ራሱ የጻፈው ደብዳቤ መሆኑ ለመምህር ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ አለ። በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በአንድ ክረምት 4 ቢሊዮን ችግኝ ለመትከል ታቀደ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም ባለሥልጣኖቻቸውን ይዘው በአደባባይ ተክለዋል። መሪ ጉድጓድ አጠገብ ሲንበረከክ መታየቱ መልካም ነው። ነገር ግን ቡና የሚተክል ሰው ከማንም ይልቅ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የችግኝ ልደቱ በሐምሌ አይደለም፤ የመጀመሪያውን በጋ ያለፈ ዕለት ነው። በቴፒና በበበቃ ዙሪያ ቡና የሚያለማ ሰው የቡና ችግኝ ብቻውን ገላጣ ላይ አይተውም፤ ሰሳን፥ ዋንዛን፥ ብርብራን ጥላ እንዲሆኑት ያቆይለታል፤ ያርማል፥ ሥሩን ያለብሳል፤ ከ3 እስከ 4 ዓመትም ታግሦ ይጠብቃል። በጎ ፈቃደኛም እንደ ቡና ችግኝ ነው። ለአንድ ቀን መትከል ይቻላል፤ የሚያኖረው ግን ጥላና ክብካቤ ነው።

እንግዲህ እስካሁን ካየነው ታሪክ የመሪን ተግባር በአምስት ነገር እንጠቅልለው።

አንደኛ፥ መሪ ችግሩን በትክክል ያሳያል፤ ሥራው ለምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያበቃ ይናገራል፤ ክብደቱንም አይደብቅም። ሁለተኛ፥ ራሱ ፊት ይሆናል። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንደሚባል ሁሉ የሥራም ትጋት ከአናቱ ይጀምራል። ሦስተኛ፥ መሣሪያውን አስቀድሞ ያቀርባል። ጠመኔ ሳይኖር አስተምሩ፥ ችግኝ ሳይደርስ ጉድጓድ ቆፍሩ ማለት የሰውን ፈቃድ ማባከን ነው፤ የባከነ ፈቃድም ሁለተኛ ሲጠሩት አይመጣም። አራተኛ፥ እምቢ ለማለት በር ይተዋል። እምቢ ማለት የማይቻልበት ስፍራ እሺ ማለት ትርጉም የለውም። አምስተኛ፥ ትንሽም ቢሆን እውነተኛውን ቍጥር ይወዳል፤ ጉድለትን የነገረውንም አይቀጣም።

ከነዚህ አምስት ነገሮች መካከል አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። መሪው በቅን ልብ «የፈቀደ ይምጣ» ብሎ ይጠራል። ክልሉ ይህን ሰምቶ ለዞኑ ቍጥር ይሰጣል፤ ዞኑ ለወረዳው፥ ወረዳው ለቀበሌው ያካፍላል። ቀበሌው ዘንድ ሲደርስ «የፈቀደ» የሚለው ቃል በመንገድ ወድቆ «ይምጣ» የሚለው ብቻ ይቀራል። በዚህ ማንንም በተለይ መውቀስ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ከበላዩ እንዳይወቀስ ፈርቶ ጥቂት ይጨምራልና። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ጭማሪ የሚያርፈው በቡና ለቀማ ወራት ልጁን፥ በጥርና በየካቲት ጉልበቱን በተጠየቀው በአንዱ ገበሬ ጀርባ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ቦንጋ፥ ሚዛን አማን፥ ቴፒና ተርጫ መቀመጫዎቹ እንዲሆኑ ተደርጓል። መንግሥት ወደ ሕዝቡ ቀርቧልና ሕዝቡን መስማት ከቀድሞው ይቀላል። ይህን ቅርበት ለማዘዝ ብቻ የተጠቀምንበት እንደ ሆነ ግን መቅረቡ ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ እናንተ መምህራንና ሽማግሌዎች የሰንሰለቱ መጨረሻ ብቻ አይደላችሁም፤ የጥሪው ጠባቂዎች ናችሁ። በመንገድ የወደቀውን «የፈቀደ» የሚለውን ቃል አንሥታችሁ ወደ ስፍራው የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። ይህም እንዴት ይሆናል ለሚል ሦስት ምክር እሰጣለሁ።

የመጀመሪያው ምክር፥ ጥሪ በመጣ ጊዜ ከመዝገቡ በፊት ሸንጎውን አስቀድሙ። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፥ በመንደሩ ቋንቋ፥ ሥራው ለእኛ ምን ያደርግልናል፥ ጊዜውስ ይስማማናል ወይ ብለው ይምከሩበት። ዘመቻው በጥቅምትና በኅዳር፥ ሰው ሁሉ እሸት ቡና ሲለቅምና ጀንፈል ሲያሰጣ ቢወድቅ፥ ወደ ጥር እንዲሻገር መጠየቅ አለመታዘዝ አይደለም፤ ሥራው እንዲሠራ መፈለግ ነው። በለቀማ ወራት ከክፍል የሚጎድሉትንም ልጆች በስድብ ከመመለስ ይልቅ፥ ከወላጆቻቸው ጋራ ተነጋግሮ የማታ ወይም የጧት ሰዓት ማመቻቸት ይሻላል።

ሁለተኛው ምክር፥ ሁለት መዝገብ ይኑራችሁ። አንዱ ለሥራው የመጣውን ሰው የሚቆጥር ይሁን፤ ሁለተኛው ደግሞ በዓመቱ የቀረውን ፍሬ የሚቆጥር ይሁን። ስንት ሰው ፊደል ለመማር ተመዘገበ የሚለው በመጀመሪያው ይጻፍ፤ በዓመቱ የገዛ ልጁን ደብዳቤ ማንበብ የቻለው ስንት ነው የሚለው በሁለተኛው ይጻፍ። ስንት ችግኝ ተተከለ የሚለው በመጀመሪያው፥ በሚያዝያ የለመለመው ስንት ነው የሚለው በሁለተኛው ይግባ። ወደ ላይ የምትልኩት ሁለቱንም ይሁን። ሁለተኛው ቍጥር ማነሱ አያሳፍርም። በ1976 ዓ.ም. የተነገረውና በ1987 ዓ.ም. የተገኘው ቍጥር ያን ያህል የተራራቀው ሁለተኛውን መዝገብ የሚጽፍ ሰው ባለመብዛቱ ነው።

ሦስተኛው ምክር፥ ያልመጣውን ሰው አትቅጡት፤ የመጣውን አመስግኑት። ማዳበሪያ አትከለክሉት፤ የምስክር ወረቀት አታስቀሩበት፤ ልጁን በክፍል ፊት አታሳፍሩበት። የቀረበትን ምክንያት ጠይቁት፤ ምናልባት በቤቱ የታመመ ሰው ይኖራል፥ ምናልባትም ባለፈው ጊዜ የተሰጠው ተስፋ ሳይፈጸም ቀርቶበት ይሆናል። ጎረቤቱ በፈቃዱ ሠርቶ ሲመሰገንና ሥራውም ሲጠቅም ባየ ጊዜ፥ ከቅጣት ይልቅ ያ ራሱ ይጠራዋል። ደቦ ከጥንት ጀምሮ የኖረው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ሰው፥ ይህን ያህል ነጻነት ከተሰጠ ማን ይመጣል፥ አገርስ እንዴት ይለማል ብሎ ሊቃወም ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግብር፥ ፍርድ፥ የአገር መከላከያ በሕግ የሚጠየቁ ነገሮች ናቸው፤ በእነዚህ መንግሥት ያዛል፥ ዜጋም ይታዘዛል። መንገድም የግድ መሠራት ያለበት ከሆነ በበጀትና በደመወዝ ይሠራ። የበጎ ፈቃድ ስም ግን ለግዳጅ ሥራ መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። ስሙ በከንቱ ሲጠራ ሕዝቡ ቃሉን መጥላት ይጀምራል፤ እውነተኛው ችግር፥ ጎርፍ ወይም ወረርሽኝ ወይም ረኃብ በመጣ ዕለት «ኑ» ሲባል የሚሰማ ጆሮ ይጠፋል። መሪ ያለው ትልቁ ሀብት በጠራ ጊዜ የሚታመን መሆኑ ነው። ይህም ሀብት በግምጃ ቤት የሚቀመጥ አይደለም፤ በየመንደሩ፥ በየመምህሩና በየሽማግሌው አፍ የሚጠበቅ ነው።

የተከበራችሁ መምህራንና ሽማግሌዎች፤ በመጪው በጋ ቡናው ተለቅሞ፥ ደርቆ፥ ወደ ገበያ ከወጣ በኋላ በየትምህርት ቤታችሁ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ለመክፈት ብታስቡ፥ ከላይ ትእዛዝ እስኪመጣ አትጠብቁ። አንድ ክፍል፥ አንድ ፋኖስ፥ በመንደሩ ቋንቋ የሚያስረዳ አንድ መምህር፥ የሚመክር አንድ ሽማግሌ ካለ ሥራው ይጀመራል። አስተዳደሩንም መጽሐፍና ጠመኔ ጠይቁት፤ ይህ የእርሱ ድርሻ ነው። በሩን ክፍት አድርጋችሁ የፈቀደ ይግባ በሉ። በመጀመሪያው ሌሊት የሚመጡት 5 ሰዎች ቢሆኑ 5 ብላችሁ ጻፉ።